የጣና ጀልባ ሽርሽር

ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣሎ፣ ከወቅት ወቅት እየሰፋና እየጠበበ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሸፍናል። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ከዚህ ሁሉ ስፋት ጋር አይመጣጠንም፤ እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ይህችን አኃዝ ጀልባ ነጂዎች የፈራ መንገደኛ ሲያጋጥማቸው ለማጽናኛ ይጠቅሷታል። ዋና ለማያውቅ ሰው በ2 ሜትርና በ15 ሜትር መካከል ያለው ልዩነት የጂኦግራፊ መምህራን ጉዳይ ስለሆነ፣ ማጽናኛዋ ብዙም ስትሠራ አትታይም።

ሐይቁን የፈጠረው እሳተ ገሞራ ነው። የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ወደ ደቡብ ይወርድ የነበረውን ውሃ መንገድ ዘጋበት፤ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ባለበት ተኛ። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፤ የሚወጣበት የተፈጥሮ በር ግን አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ዓባይ። ዓባይ ማደሪያ የለውም እየተባለ ይተረትበታል። ተረቱን ያወጣው ሰው ጣናን ሳያይ የሞተ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ሰፊ መኝታ ተነጥፎለት አድሮ የሚነሣ ወንዝ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

በሐይቁ ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ያህሉ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ናቸው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ በጣና ደቡብ ጫፍ የተቆረቆረችው ከተማ ግን ስሟ ዛሬም ባሕር ዳር ነው። የአካባቢው ሰውም ሐይቁን «ባሕሩ» ይለዋል። «ሐይቅ» የሚባለው በመማሪያ መጽሐፍና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ደገኛ «ባሕር አየሁ» ብሎ ወደ አገሩ ቢመለስ ውሸታም ሊባል አይገባም።

ደገኛ ከውሃ ጋር ያለው ዝምድና በጠበል፣ በጠላና በዝናብ የተወሰነ ነው። ወንዝ ቢሻገር በበቅሎ ወይም በድልድይ ነው፤ በክረምት ወንዝ ከሞላ ደግሞ ከማዶ ሆኖ እስኪጎድል ይጠብቃል እንጂ ውሃው ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየውም። የጣና ሽርሽር ይህን ሰው በገዛ ገንዘቡ ውሃ መሐል ወስዶ የሚያስቀምጥ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ገዳሙም ጉማሬውም ቡናውም፣ በዚህ ላይ የሚመጣ ነው።

ሽርሽሩ የሚጀምረው በዳር ነው። በባሕር ዳር ወደብና በየሆቴሉ ግቢ ዳርቻ ጀልባዎች ሸራ ጣሪያ ለብሰው፣ ባለ 25 ወይም ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከኋላ አንጠልጥለው፣ አፍንጫቸውን ወደ ሣሩ አድርገው ይቆማሉ። ባለጀልባዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ተራው ግን የሚሠራው ወረፋው ደርሶት መንገደኛው ከተስማማ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ሰዓት የሚገዛው ደላላ ነው። ጀልባ የሚከራየው በሙሉ ነው፤ አንድም ሰው ይሳፈር አሥር፣ ቤንዚኑ ያው ነው። ስለዚህ ሰው በበዛ ቁጥር ለእያንዳንዱ ይቀላል፤ ብቻውን የመጣ መንገደኛም ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይሰፋል። «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚነገረው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሲመጡ ሌላ ሁለት መቅረቱ አይገርምም፤ ሚኒባስ የለመደ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ እንዲያውም ቤቱ ያለ መስሎት ይረጋጋል።

የመነሻ ሰዓት ከጧቱ 2 ሰዓት ተብሎ ይነገራል። ሁሉም ተሰብስቦ፣ ውሃና ብስኩት ተገዝቶ፣ አንዱ የረሳውን ባርኔጣ ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ 3 ይሆናል። በሌላ ቦታ ይህ መዘግየት ቁም ነገር የለውም፤ በጣና ላይ ግን አለው። ሐይቁ ጠዋት እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፣ በእርሱ ቦታ ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላም ውሃው ይነሣሣል። ባለጀልባው ይህን ስለሚያውቅ ይቸኩላል። መንገደኛው ስለማያውቅ አይቸኩልም።

ተሳፋሪው ከእንጨት መረማመጃ ወደ ጀልባው የሚያደርጋት አንዲት እርምጃ ለብቻዋ የምትጠና ናት። ጀልባ ሲረገጥ ይሸሻል። መሬት በተረገጠበት ዘመን ሁሉ ሸሽቶ ስለማያውቅ ሰውነት ይህን አይጠብቅም፤ በአንድ እግሩ ጀልባ ላይ፣ በሌላው እግሩ ኢትዮጵያ ላይ የቆመ ጎልማሳ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ፎቶግራፍ ቢነሣ ጥሩ ነበር፤ ፎቶ አንሺው ግን በዚያው ሰዓት የእርሱን እግር እያሰበ ነው። እናቶች ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ የነጂውን ረዳት እጅ ይዘው «በስመ አብ» ብለው ይገባሉ፤ ከሁሉም የተሻለ ዘዴ የእነርሱ ነው።

ቀጥሎ ብርቱካናማው ላይፍ ጃኬት ይታደላል። ስለ ጃኬቱ አጠቃቀም ሦስት ዓይነት ሰው አለ። የመጀመሪያው ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣው ዘመድ ነው፤ እርሱ ሳይታዘዝ ይለብሳል፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ይቆልፋል፣ የልጆቹንም ይፈትሻል፣ ለቀሩትም ትምህርት ይሰጣል። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ልብሱን ስለሚሸፍንበትና ፎቶው ላይ ስለማያምር አጠገቡ ያስቀምጠዋል። ሦስተኛውና የሚበዛው የአግዳሚው እንጨት ቢቆረቁረው ጃኬቱን አጥፎ ይቀመጥበታል። ጃኬቱ በውሃ ላይ ሰው ለማንሳፈፍ የተሠራ ቢሆንም ለመቀመጫም አይከፋም፤ ስለዚህ በዚህ ሰዓት ስለ ሥሪቱ ቅሬታ አይሰማም።

አጭሩ መንገድ ወደ ዓባይ መውጫ ነው። ጀልባው ከከተማዋ ጥቂት ደቂቃ ሄዶ ደንገልና ቄጠማ ወደሞላበት ዳርቻ ይጠጋል፤ በዚያ የደብረ ማርያም ገዳም ያለባት ደሴት አለች፣ ውሃውም ሳያስታውቅ ወንዝ መሆን ይጀምራል። መንገደኛው ትልቅ ነገር ይጠብቃል። ዓባይ ነውና ሲወለድ ነጎድጓድ ይኖራል ብሎ ያስባል። የሚያየው ግን በደንገል መሐል ዝም ብሎ የሚሄድ ውሃ ነው፤ «የቱ ጋ ነው ዓባይ የሚሆነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነጂው በእጁ ሰፋ ያለ ክብ ያሳየዋል። የውሃው ዝም ማለትም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ጨራ ጨራ ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ የሚወጣው ውሃ ይለካል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ በምዕራብ በኩል በዋሻ ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ዓባይ ዛሬ የሚወጣው በአንድ በር ሳይሆን በሁለት ነው፣ ሁለቱም ቁልፍ አላቸው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወረወረው፣ ጢሱ አንዳንድ ቀን የሚሳሳው በዚህ ነው። ወደዚያ የሚኬደው በመኪና ስለሆነ እዚህ ላይ ይበቃል።

በዚህ መውጫ አካባቢ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ማየት ከመነሻው በፊት በደላላው ተስፋ የተሰጠበት ነገር ስለሆነ ሁሉም ተነሥቶ ውሃውን ይቃኛል። ጉማሬ በቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ያወጣል፤ ጥቁር ድንጋይም ከውሃ ሲወጣ የሚያሳየው እንዲሁ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ከዚህ ሽርሽር የሚመለሱ ስልኮች በድንጋይ ፎቶ የተሞሉ ናቸው። እውነተኛው ጉማሬ ብቅ ሲል ደግሞ የሚሰማው «ፎቶ! ፎቶ!» ሳይሆን «ራቅ! ራቅ!» ነው። ነጂው ሞተሩን አቀዝቅዞ ዞር ይላል። ጉማሬ ጀልባ ሊገለብጥ የሚችል እንስሳ መሆኑን እርሱ ያውቃል፤ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ «ጠጋ በልልን» ይል የነበረው መንገደኛ አሁን ነጂውን ስለ ጥንቃቄው ያመሰግናል።

ከከተማዋ ዳርቻ በዓይን የሚታዩት ሁለት ደሴቶች ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ናቸው። ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው፤ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። ክብራን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ዘዮሐንስ የተመሠረተ ገዳም ሲሆን፣ በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። ሴት አይገባበትም። ጀልባው ሲጠጋ ወንዶቹ ይወርዳሉ፣ ሴቶቹ ይቀራሉ፤ ወይም ጀልባው ሴቶች ወደሚፈቀድባት ወደ እንጦስ ይወስዳቸዋል። ትዳር ላይ ከዚህ በላይ የተብራራ ፈተና አይገኝም። ባል ከክብራን ሲመለስ ሚስት «እስኪ ምን አየህ?» ትለዋለች። የግድግዳ ሥዕል፣ የዘውድና የመስቀል ስብስብ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ የብራና ወንጌል አይቶ የተመለሰ ሰው፣ ጥቂት አስቦ፣ «ያው ቤተ ክርስቲያን ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ እስከ ዘጌ ድረስ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ነው።

የጉዞው ወፍራም ክፍል ዘጌ ነው። ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ከየብስ ተቆርጦ ሊቀር ሲል የተያዘ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከሩቅ ሲታይ በአካባቢው ካሉት ኮረብታዎች ሁሉ የሚለየው በጥቁር አረንጓዴነቱ ነው፤ የተራቆተ አገር መሐል ጠጉሩን ያልተላጨ ሰው ይመስላል። ጠጉሩ ቡና ነው። በአፈ ታሪኩ አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት ጻድቅ በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ የዘጌ ሰውም በእነዚህ ይኖራል፣ መሬቱን ግን አያርስም፣ ከብትም አያረባም። በአራሽነቱ በሚኮራው በዚያ አገር መሐል በሬ የሌለበት ቀበሌ መገኘቱ እንግዳ ነገር ነው። ደኑ የቆየውም በዚህ ይመስላል፤ ማረሻ ያልገባበትን ጫካ ለማስጠበቅ ከደን ጠባቂ ይልቅ ግዝት የበረታበት ቦታ ነው። ሦስቱን ስጦታዎች ያስተዋለ ደግሞ ጻድቁ የኢትዮጵያን ሰው ጠንቅቀው እንደሚያውቁት ይረዳል፦ ቡና ለጠዋት፣ ጌሾ ለከሰዓት፣ ሎሚ ለማግሥቱ ራስ ምታት።

ከጀልባ መውረጃው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ በቡናው ጥላ ሥር የድንጋይ መንገድ ይወጣል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሻጮች ተደርድረዋል፤ በፍየል ብራና ላይ የተሣለ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከደንገል የተሠራች መዳፍ የምታህል ታንኳ፣ መስቀል፣ ጀበና። ሻጮቹ መንገደኛው ሲወጣ አይጣሉም። «ስትመለስ» ይላሉ፤ ስሙንም ይጠይቃሉ። መንገደኛው ስሙን መናገሩ ምን ችግር አለው ብሎ ይናገራል፤ ሲመለስ ከሃያ ሱቅ በስሙ የሚጠራው ያገኛል። በስሙ ተጠርቶ ሳይገዛ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ገና አልተወለደም። የደንገሏ ታንኳ የምትሸጠው በዚህ ነው፤ እቤት ደርሳ ቴሌቪዥን ላይ ትቀመጣለች፣ ከሦስት ወር በኋላም ድመት ትበላታለች።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አብዛኛው የጣና ዳር አድባራት ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ታጥፎ። በጉልላቱ መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላሎች ተሰክተዋል። በግቢው ደወል ሆኖ የሚያገለግል የድንጋይ ገበታ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሲመታ ከብረት አያንስም። ጫማ ይወልቃል፣ ቁምጣ የለበሰ ነጠላ ይሰጠዋል። የመቅደሱ ግድግዳ በሸራ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ሥዕሎች ከላይ እስከ ታች የተሸፈነ ነው። አስጎብኚው በረጅም ዘንግ እያመለከተ ይተርካል፤ ዘንጉ ከአንዱ ሰማዕት ወደ ሌላው የሚሄድበትን ፍጥነት የሚወስነው በጀልባው ላይ የቀረው ሰዓት ነው።

በሥዕሉ ሕግ ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህ ሕግ ለጀልባ ተሳፋሪ ቢሠራ የሚያሳፍር ነው። በጀልባ ላይ ሁሉም ወደ ውሃው ዞሮ ስለሚቀመጥ የሚነሣው ፎቶ ሁሉ በጎን ነው። ከሥዕሎቹ ሁሉ ግን ለዕለቱ መንገደኛ የሚቀርበው የበላዔ ሰብእ ነው። 78 ሰው የበላው ይህ ሰው በመጨረሻ የዳነው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለማኝ በሰጣት ጥርኝ ውሃ ነው፤ ሚዛኑ ላይ 78ቱ ነፍስ በአንድ በኩል፣ ጥርኟ ውሃ በሌላ በኩል ሆነው ውሃዋ ደፍታለች። ጠዋት ከጣና ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፋጠጥ የቆየ ሰው ይህን ሥዕል ከሌላው ረዘም አድርጎ ያየዋል።

በዘጌ ሌሎችም አሉ፤ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ በትረ ማርያም። ሁሉንም በአንድ ቀን አያለሁ ያለ አንዱንም አያይም። ይልቅ ከመንገዱ ዳር ቡና ተፈልቶለት ቢቀመጥ ዘጌን ያውቃታል። ቡናው ከበላዩ ካለው ዛፍ ተለቅሞ፣ ከፊቱ ተቆልቶ፣ እስከ ሦስተኛ ይጠጣል፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ መነሣት ነውር ነው። በዚህ ጊዜ ነጂው ከታች ከወደቡ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ያፏጫል። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ማንም አይነሣም።

ዳጋና ደቅ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከሐይቁ መሐል ናቸው፤ በሞተር ጀልባ ለመድረስ ብቻ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ሙሉ ቀን መስጠት ያስፈልጋል። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት፣ ገበሬም እርሻም አለባት። በዳርቻዋ ያለውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ራሳቸውም ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። ዳጋ እስጢፋኖስ እንደ ክብራን ለወንድ ብቻ የተፈቀደ ነው። በዚያ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አጽም በመስተዋት ሣጥን ተቀምጧል። ወደ ደሴቱ ሄደው በዚያው የቀሩት እነርሱ ናቸው። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ ጣና ቂርቆስ አለ፤ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት 800 ዓመት በዚያ ተቀምጣለች ተብሎ ይተረካል። ሦስት ሰዓት ጀልባ ላይ ቆይቶ ወገቡ የተያዘ መንገደኛ የ800 ዓመቱን ቆይታ ከመረጋጋት ጋር ያያይዘዋል።

ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር የፈለገ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በመርከብ ይሄድ ነበር። መርከቡ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ እየተነሣ፣ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ እየቆመ፣ በመንገድ አድሮ ይደርስ ነበር። ተሳፋሪው ከቱሪስቱ ይልቅ የደሴቱ ሰው ነበር፤ እህል፣ ዶሮ፣ ፍየል፣ ለገበያ የሚሄድ ቡና። ለእነዚህ ሰዎች ጣና መንገድ ነው። ሽርሽር የሚሉት ነገር ሲነገራቸው ወዴት ተሂዶ እንደሚመለስ ይጠይቃሉ፣ «የትም አይሄዱም፤ ዞረው ይመለሳሉ» ሲባሉ ዝም ይላሉ። ጎርጎራ አፄ ሱስንዮስ ከተማ ያደረጓት፣ በደብረ ሲና ማርያም የታወቀች ናት፤ በቅርቡም ትልቅ የመዝናኛ መንደር ተሠርቶባታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ «ጣናነሽ ሁለት» የተባለች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ተጭና፣ ተራራና ሸለቆ አቋርጣ ባሕር ዳር ገብታለች። በመንገድ ዳር ያሉ ልጆች መርከብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር፤ መርከቧም ያን ያህል ደረቅ መሬት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ከሞተሩ በፊት ጣናን የገዛችው ታንኳ ናት። ታንኳ በጎድጓዳዋ ውስጥ አየር ይዛ እንደ ጀልባ አትንሳፈፍም። የደረቀ የደንገል እሥር ተጠፍሮ የሚሠራ ነገር ስለሆነች ራሱ ሣሩ ነው የሚንሳፈፈው። ስለዚህ ውሃ ቢገባባትም አትሰምጥም፤ ተሳፋሪዋ ግን ይርሳል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ እያወጡ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል፣ ዕድሜዋም አጭር ነው። በአሠራሯ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ቆንስል ቺስማን ደሴቶቹን እየዞረ ያጠናው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያሳተመውን መጽሐፍ የጻፈው በዚህች ታንኳ ተጉዞ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ደግሞ ከዚያ አልፎ ሄደ። የጥንት ሰው በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገር ይችል ነበር ብሎ ለማሳየት ደንገሉን ከጣና አስጭኖ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራት «ራ» መንገድ ላይ ፈረሰች፤ በ1970 «ራ ሁለት» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን አትላንቲክን ተሻግራ ባርቤዶስ ደረሰች። የጣና ሣር አትላንቲክን ተሻግሯል። ይህን ታሪክ አስጎብኚው ወደ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ላይ ሲነግራቸው፣ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው የያዙ ሰዎች ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ።

ዛሬ ከታንኳውም ከሞተሩም ጋር የሚጣላ ሌላ ሣር መጥቷል። እምቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐይቁ ላይ ታይቷል፤ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል፣ የሞተሩን ማራገቢያ ይጠልፋል። አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው። ያላወቀ መንገደኛ ደስ ብሎት ፎቶ ያነሣዋል፤ ነጂው ፊቱን አጥቁሮ ያየዋል።

ምሳ አሳ ነው፤ ቆሮሶ ወይም አምባዛ፣ ተጠብሶ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ። ባሕር ዳር ያለው ዘጌ ካለው ይሻላል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ምሳው በዘጌ ከሆነ የመመለሻው ሰዓት 8 ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ነፋሱ ተነሥቷል።

ጠዋት ምጣድ የነበረው ውሃ አሁን የታረሰ ማሳ ይመስላል። ጀልባው ማዕበሉን በግንባሩ ሲመታ የሚረጨው ውሃ ከፊት የተቀመጠውን ያገኘዋል፤ ከፊት የተቀመጠው ደግሞ ሁልጊዜ ጠዋት «ከፊት ሆኜ ልይ» ብሎ የተጣላው ነው። ወሬ ይቆማል። ስልኮች በላስቲክ ይጠቀለላሉ። አንድ ሽማግሌ «አባታችን ሆይ» ይጀምራሉ፤ ቀስ በቀስም የጀልባው ግማሽ አብሯቸው ይላል፣ ቀሪው ግማሽ በየሃይማኖቱ ያግዛል። በዚህ ሰዓት ነው የላይፍ ጃኬቱ ጉዳይ እንደገና የሚነሣው። ተቀምጦበት የነበረ ሰው ነፋሱን የፈራ እንዳይመስል ቀስ ብሎ ከሥሩ ይጎትተዋል፣ ብርድ መጣ ብሎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል፣ ከዚያ አንዱን ማሰሪያ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ለፎቶ ሲል ያላደረገው ወጣትም አሁን የፊቱ ገጽታ የማይፈለግ ስለሆነ ይለብሳል። ከአሜሪካ የመጣው ዘመድ ምንም አይናገርም። መናገር አያስፈልገውም፤ ጠዋት ሁሉን ተናግሮታል።

ነጂው በዚህ ሁሉ መሐል አንድ እጁን በሞተሩ መሪ ላይ ጥሎ፣ በሌላው በቆሎ እሸት ይበላል። ማዕበሉን በቀጥታ አይሄድበትም፤ ወደ ጎን ሰያፍ ይዞ፣ ሲነሣ አቀዝቅዞ፣ ሲተኛ ጨምሮ ይሄዳል። «ጋሼ፣ አትነሡ ብቻ» ይላል። ጋሼ ሊነሡ ያሰቡት ነገር የለም።

ባሕር ዳር ሲታይ፣ የጊዮርጊስ ጣሪያና የዳርቻው ዘንባባ ከጉም ሲወጣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራል። ማዕበሉ ያን ያህል አልነበረም ይባላል። ከዳር ሲደርሱ ጠዋት ጀልባ ላይ ለመግባት አሥር ደቂቃ የፈጀባቸው ሰዎች በአንድ እርምጃ ይወርዳሉ። ረዳቱ ጃኬቶቹን ይሰበስባል፣ ይቆጥራል፣ አንድ ይጎድለዋል። ቀና ብሎ ወደ መንገዱ ሲያይ፣ በዘንባባው ጥላ ሥር፣ ከባጃጅ ነጂ ጋር ዋጋ የሚከራከር አንድ ብርቱካናማ ጀርባ ያያል።

«ጋሼ!» ይላል እየሮጠ። «ጋሼ፣ ጃኬቱን!»